ያላነበብሁት ስም

ባለፈው እሑድ የወንድሜ የልጅ ልጅ ሜላት አያቷን ይዛ እኔ ያለሁበት ፀዳ ድረስ መጥታ ጠየቀችኝ። ሆዷ ገፍቶ ወንበሩ ላይ መቀመጥ አስቸግሯታል፤ ወንድ ነው ብለዋታል። ስልኳን ከፊቴ ዘርግታ፣ «እማማ፣ እርስዎ ዕድሜ ልክዎን አስተማሪ ነበሩ፤ የስንቱን ልጅ ስም ጠርተዋል። እስኪ ረዘም ያለ፣ ሰው ያልያዘው፣ ሲጠራ መንገደኛ ዞር ብሎ የሚያየው ስም ይፈልጉልኝ» አለችኝ። ስልኩ ላይ የስም መዓት ተደርድሯል። በአውራ ጣቷ ወደ ላይ እየገፋች፣ «ይሄ ተይዟል፤ ይሄን ጎረቤታችን ለልጇ ወሰደችው፤ ይሄ ደግሞ አጭር ነው፣ ሦስት ፊደል ብቻ» ትላለች። ሦስት ፊደል ስትል ፊቴን ወደ መስኮቱ አዞርሁ። ወንድሜ አድማስሰገድ ከዘራውን በጉልበቶቹ መካከል አቁሞ በር ላይ ፀሐይ ይሞቃል። ሰባን ያለፈ ሽማግሌ ነው፤ በስሙ ግን ገና እንደ ጎረምሳ ይኮራል። «ስም ማውጣትስ እንደ አባታችን ነው!» አለ ወደ ውስጥ እየጮኸ። «ፊደል ሳይቆጥር፣ ሊማሊሞ ገደል ላይ ሆኖ፣ አድማስሰገድ ብሎ ላከልኝ። እስከ ዛሬ ሁለተኛ ሰው በዚህ ስም አልገጠመኝም።» ሜላት ሳቀች። እኔ «እስኪ ላስብበት» አልሁና ውሃ የምቀዳ መስዬ ወደ ጓዳ ገባሁ። ጓዳው ውስጥ የምቀዳው ውሃ አልነበረም። ሰው እንዳያየኝ ነው የገባሁት። በዚህ ዕድሜዬ፣ በገዛ ቤቴ፣ ከሰው ተደበቅሁ።

ያኔ ቤታችን ከተማው መሃል አራዳ ነበር፤ ጣሊያን ሠርቶ ከተወው ቢጫ ሕንጻ ጀርባ፣ ጣሪያው ግማሹ ቆርቆሮ ግማሹ ሣር የሆነ። ጣሊያን ከወጣ ስንት ዓመት ሆኖት እንደነበር ብጠየቅ አላውቅም። የማውቀው ግድግዳው ላይ የጻፈው ጽሑፍ ገና አለመልቀቁን ነው። ሕንጻው ሥር የሚነግደው ዓረብ ባለሱቅ በየዓመቱ በኖራ ይቀባዋል፤ ክረምት ሲመጣ ተመልሶ ብቅ ይላል። አንድ ብልቃጥ ቀለም በስሙኒ፣ አንድ ደብተር በአሥር ሳንቲም፣ የብዕር ጫፍ ሁለት በአምስት ሳንቲም ነበር። ቅዳሜ ገበያ የሚወጣው ባላገር ጠገራ ብር በጥርሱ ነክሶ ይቀበላል፤ የወረቀቱን ብር ሲሰጡት «ይሄማ ዝናብ ቢነካውሳ?» ብሎ ይመልሳል። ሾፌሮች ካኪ ኮታቸውን ለብሰው፣ ኮፍያቸውን ወደ አንድ ጆሯቸው ዘንበል አድርገው በአራዳ ሲያልፉ ምድሩ የእነሱ ይመስል ነበር። ከማኪናዎቹ ሁሉ ትልቁ ትሬንታ ኳትሮ የሚሉት ነው። ዳገት ሲወጣ የሚያሰማው ማቃሰት ቤታችን ድረስ ይደርሳል። እናቴ እንዝርቷን አቁማ ታዳምጥና፣ «አባትሽ ካለበት የመጣ ይሆን?» ትለኛለች። ዛሬ በፀዳ መንገድ ቀኑን ሙሉ መኪና ያልፋል፤ አንድ ሰው እንኳ ቀና ብሎ አያይም።

መጻፍ የጀመርሁት በዚያ ሰሞን፣ በአሥራ አራት ዓመቴ ነው። ማንበቡንስ ቀደም ብዬ ችዬው ነበር። መጻፍ ግን ሌላ ነው። ከልቤ የወጣ ቃል ወረቀት ላይ ተቀምጦ መልሶ ሲያየኝ ደስታዬን የማደርግበት አጣሁ። በከሰል በር ላይ እጽፋለሁ፤ በጣቴ አመድ ላይ እጽፋለሁ፤ እናቴ ዱቄት ስትነፋ ሰፌዱ ላይ የጎረቤቱን ሁሉ ስም እጽፍና እጄን ትመታኛለች። የእኩዮቼ ጣት እንሶስላ ሲሞቅ የእኔን ጣት ቀለም ይነካዋል፤ አላጥበውም ነበር። ቤተ ክርስቲያን ስሄድ እንኳ ነጠላዬን የማጣፋው ያ ሰማያዊ ጣት እንዲታይ አድርጌ ነው። ጎረቤቱ ሁሉ ደብዳቤ የሚያስጽፈውና የሚያስነብበው እኔን ሆነ። ትልልቅ ሰዎች በርጩማ አቅርበውልኝ፣ ጉሮሮዬን እስክጠርግ ትንፋሻቸውን ይዘው ይጠብቃሉ። የአሥራ አራት ዓመት ልጅ ሆነህ ሽማግሌ ዝም ብሎ ሲጠብቅህ ያሰክራል። ጠጅ ቀምሼ አላውቅም ነበር፤ ስካርን የማውቀው ከዚያ ነው።

ከሁሉ አብልጬ የምወደው ግን ስም ነበር። በደብተሬ የኋላ ገጾች ላይ እኔው የፈጠርኋቸው፣ ማንም ያልተጠራባቸው ስሞች ተዘርዝረዋል። የሠፈራችን ልጆች ስም ያሳፍረኝ ነበር። ካሳ፣ ታከለ፣ ማስረሻ፣ ምትኩ። በእኛ አገር ሰው ከሞተ በኋላ በቤቱ የሚወለድ ልጅ በሟቹ ፈንታ የመጣ ነውና እንዲህ ይባላል። ስሙ በተጠራ ቁጥር ሐዘንተኛው የሟቹ ቦታ ባዶ አለመሆኑን ይሰማል። ይህን አላውቅም ነበር ብል እዋሻለሁ፤ አውቅ ነበር። «የልቅሶ ቤት የሚሸቱ ስሞች» እያልሁ ግን እስቅባቸው ነበር። የጌቶች ልጆች ስም እንዲያ አይደለም። ረጅም ነው፣ ሲጠራ ይንከባለላል፣ መጨረሻው ላይ አንድ ነገር ይሰግዳል። አንድ ቀን ኮሶዬ፣ ከአያቴ አገር፣ ገደሉ አፋፍ ላይ ቆሜ ያየሁት ትዝ አለኝ፤ ተራራ ከተራራ ጀርባ እየደበዘዘ ሄዶ ሄዶ ሰማዩና ምድሩ የሚሳሳሙበት የማይታወቀው። «አድማስሰገድ» ብዬ ጻፍሁ። ስድስት ጊዜ ጻፍሁት። ከሥሩም አሰመርሁበት። ስሙ ተገኝቷል፤ የጠፋው ልጁ ብቻ ነበር።

አባቴ ተገኘ የመንገድ ሠራተኛ ነበር፤ የሊማሊሞን መንገድ ዝናብ በናደው ቁጥር ከሚጠግኑት አንዱ። ታናሽ ወንድሙን ደረሰን ከእናታቸው ጉያ፣ ከኮሶዬ አውጥቶ እዚያ ሥራ ያስገባው እሱ ነው። ደረሰ ሚስት አላገባም፣ ልጅ አልነበረውም። አንድ ጠዋት ከዳገቱ የወረደ ናዳ ዋጠው። ቆፍረው አውጥተው ደባርቅ ቀበሩት፤ መርዶው ኮሶዬ ሲደርስ የመቃብሩ አፈር ደርቋል። አያቴ የልጇን ቀብር አላየችም። ጠጉሯን ተላጨች፣ ጥቁር አቡጀዲ ለበሰች፤ ተዝካሩ ወጥቶ፣ ዓመቱ ደርሶ ጎረቤቶቿ «ልብስሽን ለውጪ እንጂ» ቢሏት፣ «ሳልቀብረው ምን ብዬ?» አለች። ከዚያ ሁለተኛው ዓመትም አለፈ። አባቴ በእናቱ ፊት ቀና ብሎ መቀመጥ አቆመ።

እናቴ ወንድ ልጅ የወለደችው ክረምቱ ሲገባ ነው። ሰባት ጊዜ እልል ተባለ። አባቴ ግን መንገዱ በናዳ ተቆርጦ መምጣት አልቻለም፤ አባት እያለ ስሙን ሌላ ሰው አያወጣምና ልጁ ማሙሽ እየተባለ ተቀመጠ። ክርስትናው ሁለት ቀን ሲቀረው አራዳ ላይ አያ ገሰሰ የሚባል የትሬንታ ኳትሮ ሾፌር «አንቺ የተገኘ ልጅ!» ብሎ ጠራኝ። ከኮቱ የውስጥ ኪስ አራት ላይ የታጠፈ ወረቀት አወጣ። «ናዳውን በእግሬ ተሻግሬ ነው ያመጣሁልሽ። አባትሽ ‹ከልጄ እጅ በቀር ለማንም እንዳትሰጥ› ብሎኛል። ምነው፣ ይሄን ያህል ትታመኛለሽ እንዴ?» ብሎ ሳቀ። ወረቀቱ ትንባሆና ላምባ ላምባ ይሸታል። ቤት እስክደርስ አላስቻለኝም፤ የነገሥታቱ ግንብ ጥግ ቆሜ ከፈትሁት። እንዲህ ይላል፤ ዛሬም በቃሌ ነው።

«ይድረስ ለባለቤቴ ለወይዘሮ አበበች፣ ለልጄ ለዓለምነሽ። እንደምን ሰንብታችኋል። እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነኝ። መንገዱ እስኪጠገን መምጣት አልቻልሁም። ልጁን ምትኩ በሉት። ለእናቴ ቃል ሰጥቻታለሁ፤ እሷ ታውቀዋለች። ለመስቀል እመጣለሁ።»

ምትኩ! በሠፈራችን ብቻ ሦስት ምትኩ ነበር፤ አንደኛው አፍንጫውን እንኳ አይጠርግም። ያን ሁሉ ቀን የጠበቅሁት ለዚህ ነው? ወረቀቱን አጠፍሁት፣ ደግሜ ዘረጋሁት። ከዚያ ሐሳቡ መጣ፤ ሲመጣ ደግሞ እንደ ሌባ አልመጣም፣ እንደ ተጋባዥ እንግዳ ነው የመጣው። በቤታችን ከእኔ በቀር የሚያነብ የለም። አባቴም ቢሆን የተሻለ ስም ቢያውቅ የተሻለውን ይመርጥ ነበር። አያቴስ ብትሆን የልጅ ልጇ አድማስ ቢሰግድለት ትጠላለች? «እሷ ታውቀዋለች» የሚለውን ቃል አይቼዋለሁ። አላየሁም የምልበት መንገድ ስፈልግ ዕድሜዬን ጨርሻለሁ፤ አይቼዋለሁ። በላዩ ላይ እንደ ትንሽ ቦይ ዘለልሁት።

የክርስትናው ቀን ከቤተ ክርስቲያን መልስ ቤታችን ሞላ። ካህኑ የክርስትና ስሙን ሰጥተውት በዘይትና በሜሮን የወዛው ሕፃን እናቴ እቅፍ ውስጥ ተኝቷል። የእናቴ ወንድም አያ ታደሰ ከደጃፉ አጠገብ ጋቢውን ተከናንቦ ተቀምጧል። ለእኔ ባል ያየልኝ እሱ ነው፤ «ፊደሉ ይበቃታል፤ ከዚህ በላይ ከተማረች ለወንድ ደብዳቤ መጻፍ ትጀምራለች» እያለ እናቴን ሲያዋክባት ሰንብቷል። አባቴ ብቻ ነበር «ትማር» ያለ። አያቴ ከኮሶዬ በዝናብ መጥታ ምሰሶው ሥር ተቀምጣለች። በዚያ ሁሉ ነጭ ልብስ መካከል ጥቁር እሷ ብቻ ናት። ጉልበቷ ላይ በመቀነት የታሰረ ትንሽ ጥቅል አለ። እኔ ደብዳቤውን ዘርግቼ ጉሮሮዬን ስጠርግ፣ የጥቅሉን ቋጠሮ በጥፍሯ መፍታት ጀመረች። ቋጠሮው ሲላላ ከውስጡ የአዲስ ኩታ ጠርዝ ታየኝ፤ ከቤቱ ልብስ ሁሉ የነጣ። ለልጁ ያመጣችው ስጦታ መሰለኝ።

ሰላምታውን እንደተጻፈው አነበብሁ። ስሙ ጋ ስደርስ ድምፄን ከፍ አድርጌ፣ «ልጁን አድማስሰገድ በሉት» አልሁ።

«ማን ሰገደ?» አለ አያ ታደሰ።

«አድማስ!» አልሁ።

«አድማስ ደግሞ ምን በድሎ ነው የሚሰግደው?»

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። «መንገድ ቆፋሪ ተገኘ እንዲህ ያለ ስም ከየት አመጣው?» አለ አንዱ። «ከገደሉ ቆፍሮ አውጥቶት ነዋ!» አለ ሌላው። እናቴ ግን ፊቷ በራ። «ይስገዳ! የእኔ ልጅ ቢሰገድለት ምን አነሰው?» ብላ እልልታውን አቀለጠችው፤ ሴቶቹ ተቀበሏት። እኔ ሰማያዊ ጣቴን ወረቀቱ ላይ ዘርግቼ በደስታ ልበር ደረስሁ። እልልታው ሲያርፍ ከምሰሶው ሥር ቀስ ያለ ድምፅ መጣ።

«እስኪ ድገሚው፣ የኔ ልጅ።»

«አድማስሰገድ በሉት» አልሁ።

«ሌላ አላለም? ስለ እኔ ያለው የለም?»

ያኔ መመለስ ይቻለኝ ነበር። ሰው ሁሉ ስቆ ስለነበር እኔም ስቄ «እንዴ፣ ዘልዬው ነበር» ብል ያልፋል። ወረቀቱን አየሁት፣ አያቴን አየኋት። «አላለም» አልሁ።

«ሸጋ ነው» አለች አያቴ። «ሸጋ ስም ነው።» አጎነበሰችና የላላውን ቋጠሮ መልሳ አሰረችው። አንድ ጊዜ ሳይሆን ሁለት ጊዜ፣ በጥርሷ ጭምር ጎትታ አጠበቀችው። ማግስቱን ዝናቡ ሳያባራ ወደ ኮሶዬ ሄደች።

በዚያ ክረምት ሠፈሩ የሚዘፍነው ስሙን ነበር። አህያ ነጂዎቹ ሳይቀሩ በደጃችን ሲያልፉ፣

«አድማስሰገድ ሲሉት አድማሱ ሰገደ፣
አህያው ግን ገፍቶት ወደ ቤቱ ሄደ»

እያሉ እናቴን ያናድዷታል። እሷም በር ላይ ቆማ ትመልስላቸዋለች፤ ሁሉም ይስቃል። እኔ ግጥም እንኳ ያስገጠመ ስም አወጣሁ ብዬ በሆዴ እኮራለሁ። የአያቴን ቋጠሮ አላስታወስሁትም ማለት አይደለም፤ በመጣብኝ ቁጥር ደብተሬን እከፍት ነበር።

ለመስቀል መንገዱ ተጠግኖ አባቴ መጣ። ፂሙ አድጓል፣ እጁ እንደ ድንጋይ ሻክሯል። ሕፃኑን ተቀብሎ፣ «ማን አላችሁት?» አለ፤ እናቴ «ያልኸውን ነዋ፣ አድማስሰገድ!» አለችው። ሕፃኑን ረጅም ጊዜ አየውና ግንባሩን ሳመው። በማግስቱ እናቴ ገበያ ስትሄድ ከቤቱ ጀርባ ጠራኝ። «ያን ደብዳቤ አምጪው። እስኪ አንብቢልኝ።» አመጣሁት። ከመጀመሪያው ጀመርሁ። ስሙ ጋ ስደርስ እንደገና አድማስሰገድ አልሁ። ያንኑ ውሸት በገዛ አባቴ ፊት፣ በገዛ ቃሉ ላይ ዋሸሁት።

አባቴ አልተቆጣም። ሻካራ ጣቱን ወረቀቱ ላይ አሳርፎ በቀጥታ ስሙ ላይ አቆመው። «ይህ ሁሉ ስም እዚህች ላይ እንዴት ገባ?» አለኝ። ከዚያ አንድ ጭራሮ አነሳና ቁጢጥ ብሎ መሬቱ ላይ መጫር ጀመረ። እግሩ የተንሻፈፈ ም፤ እንደ ደከመ ሰው ያጎነበሰ ት፤ ብዙ ጊዜ የፈጀበት ኩ። «ደብዳቤውን የጻፈልኝን ጸሐፊ ‹የልጄን ስም አሳየኝ› ብዬው አሳይቶኝ ነበር። ክረምቱን ሙሉ ጭቃው ላይ ስጽፈው ነው የከረምሁት። መጥቼ ላሳይሽ። የምችለው ፊደል ይሄ ብቻ ነው» አለ።

እኔ በየበሩና በየሰፌዱ ቃል ስበትን አባቴ በዕድሜው ሦስት ፊደል ብቻ አጠራቅሞ ነበር፤ እነሱንም ነጥቄዋለሁ። «ለእናትሽ እንዳትናገሪ» አለኝ። «ታደሰ ይህን ከሰማ ‹አላልኋችሁም?› ይልና ከትምህርት ቤት ያስወጣሻል። እኔ ደግሞ ዓመቱን ሙሉ እዚህ የለሁም።» በባዶ እግሩ መሬቱን አበሰው። ደብዳቤውን አጥፎ «አንቺ ያዢው» ብሎ ሰጠኝ። ይህን ሲለኝ ድምፁ ውስጥ ቁጣ ብሰማ ኖሮ ይሻለኝ ነበር።

በሳምንቱ እኔን ይዞ ኮሶዬ ወጣ። ማኪናው መንገድ ዳር አወረደንና በገብሱ መሃል በእግር ሄድን። አደይ አበባው ጠርዙን ሁሉ ሸፍኖታል፤ ብርዱ ጆሮ ይቆርጣል። አያቴ በር ላይ ጥጥ ትፈለቅቅ ነበር፤ ልብሷ ያው ጥቁሩ ነው። አባቴን ስማ አስቀመጠችው፤ እኔንም ሳመችኝ፤ ቀለም የነካውን ጣቴን ይዛ «አይለቅም?» ብላ በአውራ ጣቷ አሸት አሸት አደረገችው። ከዚያ ወደ ጥጧ ዞራ፣ ሳታየው፣

«ምነው ልጄ፣ ቃሌን ጣልኸው?» አለችው።

እኔ ከጀርባው ቆሜያለሁ። አሁን ይነግራታል ብዬ ጠበቅሁ። ይንገራት፣ ይውጣልኝ እያልሁም ነበር።

«እኔ ነኝ የመረጥሁት፣ እማ» አለ አባቴ። «የሞተ ሰው ምትክ ተብሎ ማደግ ልጁን ይከብደዋል ብዬ ነው።»

«ደረሰን የከበደው ስም አይደለም፤ ድንጋዩ ነው» አለች። «እኔ ቃልህን አምኜ ኩታዬን ይዤ ወርጄ ነበር። ስሙ ሲጠራ ልለብሰው።» የዚያን ጊዜ ነው ጥቅሉ ምን እንደነበር ያወቅሁት። ለሕፃኑ ያመጣችው ስጦታ አልነበረም። ከሐዘን መውጫዋ ነበር።

«ይቅር በይኝ» አለ አባቴ።

«ይቅር ይበልህ። ልጅህ ነው፤ እንዳሻህ ትለዋለህ።» ጥጧን መፈልቀቅ ቀጠለች። አባቴ አንገቱን ደፍቶ ተቀመጠ። ወንድሙን በገደል አስበልቶ፣ የእናቱን ቃል ደግሞ የካደ ሰው ሆኖ፣ በእኔ ፈንታ። አፌ ውስጥ አንድ ቃል ብቻ ነበር፤ «እኔ ነኝ»። ደብተር ሙሉ ቃል የነበራት ልጅ ያችን ማውጣት አቃታት። ስንመለስ አራዳ ላይ ወደ ዓረቡ ሱቅ ገብቶ አንድ ብልቃጥ ቀለምና ሁለት ደብተር ገዛልኝ። «ተማሪ» አለኝ፤ ሌላ አልጨመረም። ያን ቀለም ስከፍት ሁልጊዜ እጄን እታጠብ ነበር።

ተማርሁ። አስተማሪ ሆንሁ። በየሄድሁበት የሰው ደብዳቤ አንብቤያለሁ፤ ስድቡን እንደ ስድብ፣ መርዶውን እንደ መርዶ፣ አንዲት ቃል ሳልነካ። ሰዎች «ዓለምነሽ ስታነብ ቃል አይወድቅባትም» ሲሉኝ መሬቱን አያለሁ። አያቴ ጥቁሩን ሳትለውጥ ዘጠኝ ዓመት ኖራ ሞተች፤ ያ ነጭ ኩታ በቋጠሮው እንዳለ ከሳጥኗ ተገኝቶ ተገነዘችበት። አባቴ ከእሷ በኋላ ብዙ ቆየ፤ አንድ ቀን እንኳ አላነሳብኝም። እኔም አላነሳሁለትም። ስሞት ከእኔ ጋር ይቀበራል ብዬ ተስፋ አድርጌ ነበር፤ ይኸውና ሜላት ስልኳን ይዛ መጣች።

ዛሬ እሑድ ተመልሰው መጡ። ሜላት ገና ሳትቀመጥ «እማማ፣ ስሙስ?» አለች። «ስም ለማውጣት የሚገባኝ ሰው አይደለሁም» አልኋትና ወንድሜን ከደጅ ወደ ውስጥ ጠራሁት። አሮጌ ቦርሳዬን ከፍቼ ወረቀቱን አወጣሁ፤ እጥፋቱ ላይ ሊበጠስ ደርሷል። ይህን የጻፍሁላችሁን ሁሉ ቁጭ ብዬ ነገርኋቸው። የግንቡን ጥግ፣ ቋጠሮውን፣ ጭራሮውን፣ የአባታችንን አንገት። ስጨርስ ቀና ብዬ ማየት አቃተኝ። ሰባ ዓመት የኮራበትን ስም ሰርቄ እንደሰጠሁት ነው የነገርሁት።

አድማስሰገድ ከዘራውን በመዳፉ ሲያሽከረክር ቆየ። «እታለም» አለኝ በመጨረሻ፤ «ክረምት ክረምት ኮሶዬ ስትልኩኝ፣ አያቴ እሾህ ከእግሬ ስታወጣልኝ፣ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ በሌላ ስም ትጠራኝ ነበር። ‹ምትኬ› ትለኛለች። ‹አባትህ ፊት እንዳትለው፤ አይወድም› ትለኛለች። የቁልምጫ ነገር መስሎኝ ለማንም ሳልናገር ኖርሁ።»

የሰማሁትን ለመረዳት ጊዜ ፈጀብኝ። አያቴ የልጅ ልጇን ስም፣ የገዛ ቃሏን፣ እንደ ኮንትሮባንድ ደብቃ፣ እሾህ በማውጣት ሰበብ፣ በሕፃን ጆሮ ውስጥ ስትሸሽገው ኖራለች። እኔ እያነበብሁ፣ እየጻፍሁ፣ እያስተማርሁ።

«አንብቢው» አለ ወንድሜ። «እንደተጻፈው።»

መነጽሬን አደረግሁ። ጉሮሮዬን አልጠረግሁም። ይድረስ ለባለቤቴ ለወይዘሮ አበበች፣ ለልጄ ለዓለምነሽ፣ እያልሁ ወረድሁ። መንገዱ እስኪጠገን መምጣት አልቻልሁም። ጣቴን አባቴ ጣቱን ባሳረፈበት ቦታ ላይ አሳረፍሁት።

«ልጁን ምትኩ በሉት» አልሁ።

«አቤት» አለ ወንድሜ።